የሲሊኮን ቀለበት ወይስ የብረት?

የብልት ቀለበት በወንድ ብልት ላይ የሚጠለቅ፣ ደሙን ይዞ ብልቱ ቆሞ እንዲቆይ የሚያግዝ ቀለበት ነው። ለጀማሪ የምንመክረው የሚለጠጠውን የሲሊኮን ቀለበት ነው። ካጠበቀ ሳብ አድርጎ ማውለቅ፣ ካስቸገረም በጥንቃቄ በመቀስ መቁረጥ ይቻላል። ማለስለሻው ግን ውሃ ላይ የተመሠረተ ይሁን፤ የሲሊኮን ቅባት የቀለበቱን ገጽ ሊያበላሽ ይችላል። የሚንዘረው ዓይነት በጣት ወይም በሰው ሠራሽ ብልት ላይም ይጠለቃል፤ ስለዚህ ቂንጥር ላላትም ያገለግላል።

ብረቱ አይለጠጥም፤ ልክ ወሳኝ ነው። ብልቱ በቆመበት ቀለበቱ የሚያርፍበትን ዙሪያ በክር ለክተው ለ3.14 ያካፍሉ፤ የውስጥ ስፋቱን ያገኛሉ። ከተጠራጠሩ ሰፋ ያለውን ይውሰዱ። የሚጠለቀው ግን ሳይቆም ነው። ከጠበበ ደም መውጫ ያጣል፣ እብጠቱ ቀለበቱን ይቆልፈዋል፤ ያኔ በአፋጣኝ ሐኪም ቤት ሄዶ ማስቆረጥ ግድ ይላል።

ሁለቱም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይውለቁ። ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያውኑ! አጥልቆ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።