የእንጨት ቁጥር ሳጥን፦ ጥሩ ዕቃ ነው፣ 5 ኪዩብ ግን ይጎድለዋል

ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ አካባቢ የሚሸጠው፣ የአምራች ስም ያልተጻፈበት የእንጨት ቁጥር ሳጥን 50 ኪዩብ፣ ከ0 እስከ 20 የተጻፈባቸው 21 ካርዶች እና የ«ይበልጣል»፣ የ«ያንሳል»፣ የ«እኩል ነው» ምልክቶች አሉት። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች እንመክረዋለን። ቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን ኪዩቡ ስለሚዋጥ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ።

የሳጥኑ ዋና ጥቅም ደረጃ መሥራቱ ነው። አንድ ኪዩብ፣ ከጎኑ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያሉ እስከ 10 ሲደረደር፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከበፊቱ በአንድ እንደሚበልጥ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ከ1 እስከ 10 ያሉት ሲደመሩ 55 ይሆናሉ፤ ያለው 50 ነው። የመጨረሻው ዓምድ 5 ላይ ይቀርና 10 ከ9 አጥሮ ይታያል። በቆርኪ ወይም በጠጠር መሙላት አያዋጣም፤ መጠኑ ካልተስተካከለ የደረጃው ቁመት ይዋሻል። አናጺ ዘንድ በዚያው ልክ 5 ማስቆረጥ ይሻላል፤ እስኪቆረጥ 9 ላይ ማቆም ይቻላል፤ ለዚያ 45 ይበቃል።

ካርዶቹ ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ መጠን መጻፋቸው ትልቅ ነገር ነው። 3 ገዝፎ 8 ካነሰ፣ ልጁ «የቱ ይበልጣል?» ሲባል የጽሑፉን ግዝፈት ያያል። 6 እና 9 ግን ከሥራቸው መስመር ስለሌላቸው ሲገለበጡ ይምታታሉ፤ በማርከር አስምሩባቸው።

ካርዱን በመጀመሪያው ቀን አታውጡ። እስከ 20 በቃሉ የሚቆጥር ልጅ 6 እና 8ን ማወዳደር ሊያቅተው ይችላል። በሁለት ረድፍ ኪዩብ ጀምሩ፤ አንዱን ካንዱ ፊት ለፊት እያጋጠመ ትርፍ የቀረበትን ይንገራችሁ። 5ቱ ተራርቀው፣ 6ቱ ተጠጋግተው ከተደረደሩ ብዙ ትንንሽ ልጆች ረጅሙን ረድፍ «ይበዛል» ይላሉ፤ ያኔ መልሶ ማጋጠም ነው። 2 እና 9 ቀላል ናቸው፤ 7 እና 8 ስለሚቀራረቡ ይከብዳሉ። ከዚያ ሦስት ካርድ፣ ለምሳሌ 4፣ 9፣ 6፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ያስቀምጥ። ቀጥሎ ከተደረደሩት አንዱን ደብቃችሁ የጎደለውን ጠይቁት።

ከ10 በላይ ሳጥኑ ደካማ ነው። 19 እና 20 ቀርበውለት «የቱ ይበልጣል?» ሲባል ልጁ 9ኙን አይቶ 19ን ሊመርጥ ይችላል። የ10 ዘንግ ስለሌለው፣ የ10 ኪዩብ ርዝመት ያለው ካርቶን ቆርጣችሁ በ10 ክፈሉት፤ 20 ሁለት ዘንግ፣ 19 ደግሞ አንድ ዘንግና 9 ኪዩብ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ቋንቋውም መታሰብ አለበት። አማርኛው «አሥራ ሁለት»፣ ኦሮምኛው «ኩዻ ላማ» አሥሩን ያስቀድማሉ። ሶማልኛው ግን «ላባ ኢዮ ቶባን»፣ ሁለትና አሥር ነው። ቤቱ ሶማልኛ የሚሰማ ልጅ 12ን 21 ብሎ ቢጽፍ የሰማውን ቅደም ተከተል ተከትሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቆጣት ይልቅ ዘንጉንና ሁለቱን ኪዩብ አሳዩት።

ምልክቶቹን ለመጨረሻ አቆዩአቸው። 8 > 5 ሲጻፍ ምልክቱ መሐል ነው፤ «8 ከ5 ይበልጣል» ስንል ግን ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያነብ የሚደናቀፈው በዚህ ነው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ በአፉ ይበል፣ ከዚያ ምልክቱን መሐል ያስቀምጥ።