አሮጌ ሴሊካ፣ 9,820 ብርና የድሬ ፀሐይ፦ የቱ ዕቃ ሠራ፣ የቱ ብሬን በላ

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቅ። ቶዮታ ሴሊካ፣ የ1987 ሞዴል፣ ቀይ፣ የፊት መብራቷ ሲጠፋ ገብቶ የሚተኛ፣ ሲበራ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብቅ የሚል። አጎቴ ጅቡቲ ሲሠራ የያዛት ናት። ይህ ቅርጽ በ1985 ወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ሴሊካ በፊት ጎማ መጎተት የጀመረችውም ከዚህ ሞዴል ነው። የራሊ እህቷ ጂቲ ፎር በ1990 ካርሎስ ሳይንዝን የዓለም ሻምፒዮን አድርጋዋለች፣ በዚያው ዓመት እዚህ ጎረቤታችን ኬንያ ላይ ሳፋሪ ራሊን ወስዳለች። የኛዋ ቱርቦ የላትም፣ የኋላ ጎማዋም አይጎትትም። አጎቴ በርጫ ላይ ታሪኩን ሲያወራ ግን ይቺን ነገር ይዘላታል።

ችግሯ ቀለሟ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ላሜራውም ደህና ነው፣ ድሬ ደረቅ ስለሆነች ዝገት ብዙም አያስቸግርም፣ በምትኩ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ኮፈኑና ጣሪያው ነጥተው ሮዝ ሆነዋል። በጣትህ ስታብሰው እንደ ጠመኔ ይለቃል። አንድ ቀለም ቀቢ አያትና «ይቺ ተፍቃ እንደ አዲስ ካልተቀባች አትሆንም» ብሎ 95,000 ብር ጠራልኝ። አቦ፣ 95,000 ብር ቢኖረኝ መጀመሪያ ጎማ ነው የምቀይርላት! ስለዚህ ዲቴይሊንግ የሚሉትን ነገር (መኪናን ሳይቀቡ አጥቦና አሽቶ ማሳመር) ግቢያችን ውስጥ በእጄ ልሞክረው አልኩ፣ ከ10,000 ብር ላላልፍ ለራሴ ምዬ። ያወጣሁት 9,820 ሆነ። ከዚህ ውስጥ 1,200ው ንጹሕ ኪሳራ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ላቫጆ መሄድ ተውኩ። ልጆቹን አልወቅስም፣ በቀን ስንት አይሱዙ ያጥባሉ፣ ግን የአይሱዙውን ጭቃ ያነሳው ስፖንጅ ራሱ ነው ተመልሶ ወደ አንተ ኮፈን የሚመጣው። ውስጡ የቀረው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ካየህ፣ አብዛኛው ከእንዲህ ዓይነት አስተጣጠብ የመጣ ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄት ሲጨመርበት ደግሞ የነበረችውን ዋክስም (ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም) ይዟት ይሄዳል።

እኔ ሁለት ባልዲ ገዛሁ፣ 500 ብር። አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን የምታለቀልቅበት፣ አሸዋው እዚያ እንዲቀር። ጎረቤቴ አይታኝ «መኪናዋ ልትወልድ ነው እንዴ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ?» ብላኛለች። የመኪና ሻምፖው 850 ብር ነው፣ አንድ ሊትር፣ ለአንድ ባልዲ አንድ ክዳን ይበቃል። ጥሩ ነው፣ ግን የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ለመኪና የተሠራ ከሆነ የትኛውም ይሁን።

እዚህ አገር ላይ ትልቁ ራስ ምታት ውሃው ራሱ ነው። የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ነው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ እዚህ የተተከሉት ለዚሁ ነው፣ ከመሬት የሚወጣውም ውሃ ኖራውን ይዞ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ላይ ካጠብክ ውሃው ይተናል፣ ኖራው ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ቀለምህ ላይ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ሱቅ ሁሉ ያለው አቸቶ ነው፣ 120 ብር። እኩል ውሃ ጨምረህ በጨርቅ ታስነካዋለህ፣ ደቂቃ ሳይሞላ በብዙ ውሃ ታጥበዋለህ። ኖራውን ሲያሟሟው በዓይንህ ታያለህ። ለዋጋው ከገዛሁት ሁሉ አንደኛ ይሄ ነው። ዋክስ ያነሳል ግን፣ ስለዚህ ከዋክስ በፊት እንጂ በኋላ አትሞክረው፣ ያልተቀባ አሉሚኒየም ላይም አታድርሰው። መስታወቱ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው ነጠብጣብ ግን አልለቀቀም፣ ገብቶ በልቶታል።

ሰዓቱንም ልንገርህ። እኔ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነበር የምጀምረው፣ ከማታው የሞላሁትን ጄሪካን ደርድሬ። 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮፈኑ ላይ እጅህን ማሳረፍ አትችልም፣ በዚያ ሙቀት ላይ የተቀባ ማንኛውም ነገር ደርቆ ይጣበቃል። «ዛፍ ሥር ላቁማት» እንዳትል፣ ከዚራ ሰፈር ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ጥላው ደስ ይላል፣ ግን አበባውንና የወፉን ነገር አብሮ ይጥልልሃል፣ የወፍ ኩስ ደግሞ በዚህ ሙቀት ላይ አንድ ቀን ከዋለ ቀለሙን ይበላዋል። ማድረቂያውም በአሮጌ ሽርጥ አይደለም። አሥር ማይክሮፋይበር የሚባል ለስላሳ ጨርቅ በ1,500 ብር ገዝቻለሁ፣ አልቆጨኝም።

አሁን ወደ ዋናው። ታጥባ አልቃ ንጹሕ ናት ካልክ፣ እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ ክተትና በቀለሙ ላይ ቀስ አድርገህ አንሸራትት። የኔዋ በቆሎ ቂጣ ነበር የምትመስለው። በዓይን የማይታይ የሬንጅ ጠብታ፣ ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ፣ ተጣብቆ የቀረ አቧራ ነው። ይህን የሚያነሳው ክሌይ ባር የሚባለው ነው፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ጭቃ የመሰለ ነገር። እዚህ አጣሁትና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላኩት፣ 100 ግራሙ 1,600 ብር። ቦታውን በሻምፖ ውሃ በደንብ ታረጥባለህ፣ ጭቃውን ጠፍጥፈህ ሳትጫን ወዲያና ወዲህ ታንሸራትተዋለህ፣ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል አለቀ ማለት ነው። ለሁለት ቁረጠው፣ ምክንያቱም መሬት ከወደቀ አሸዋውን ስለሚይዝ ከዚያ በኋላ መጣል ብቻ ነው። እኔ ግማሹን ገና በአሥረኛው ደቂቃ ጣልኩት። ስምንት መቶ ብር አሸዋ ላይ ተቀምጦ ስታየው ምን እንደሚሰማ አልነግርህም። ቢሆንም መኪናዋን ጨርሼበታለሁ፣ ከቀለሙም በላይ ለእጅ የሚሰማው ለውጥ ከዚህ የመጣ ነው። ድጋሚ እገዛዋለሁ።

ኪሳራው ደግሞ ይኸው። ፖሊሽ ፈልጌ እዚሁ ከተማ አንድ ሱቅ ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ ጠርሙሱ ላይ በዓለም የታወቀ ስም ተለጥፏል፣ 1,200 ብር። ቤት ስከፍተው ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ላዩ ዘይት፣ ታቹ ነጭ ዝቃጭ። ሲቀባ ለአንድ ከሰዓት አብለጨለጨ፣ ማታ ነፋስ ሲነሳ የሰፈሩን አቧራ በሙሉ ጠርቶ ያዘው። አስመስሎ የተሠራ ነው። ክዳኑ ሥር ማሸጊያ አልነበረውም፣ የምርት ቁጥርም የለውም፣ የእንግሊዝኛው ፊደልም ተሳስቷል፣ እኔ ግን ይህን ሁሉ ያየሁት ብሩን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ያዳነኝ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ያመጣችልኝ ነው፣ የሜጓየርስ ቁጥር 7 የሚባለው ግሌዝ፣ ዋጋውን 2,400 ብር አስቤ ሰጠኋት። ኩባንያው በ1901 አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ በቤት ዕቃ ፖሊሽ የጀመረ ነው፣ ይህችም ዕቃ ከድሮው የመጣች ናት፣ ሥራዋ ዘይት ማጠጣት ነው። ለማንኛውም መኪና ግን አትሆንም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቀለምህን ለይ። የዛሬዎቹ መኪኖች ከቀለሙ በላይ መስታወት የመሰለ ግልጽ ሽፋን አላቸው። ያ ሽፋን ተልጦ ከሆነ ምንም ብታሸው አይመለስም፣ ቀለም ቀቢው ጋ ሂድ። ብዙ የድሮ ቀለም ግን ሽፋን የለውም፣ ቀለሙ ራሱ ነው ላይ ያለው። መለያው ቀላል ነው፦ በነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ በማይታይ ቦታ እሸው። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ሽፋን የለውም። የኔ ጨርቅ በርበሬ የተፈጨበት መሰለ። ደስ አለኝ! ቀቢው «ሞቷል» ያለው ቀለም ከላይ ነው እንጂ የሞተው ከሥሩ አለ ማለት ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ሻከር ያለ የጥጥ ፎጣ ትወስዳለህ (200 ብር)፣ ቁጥር 7ን አትረፍርፈህ አፍስሰህ ክንድህ እስኪዝል ታሸዋለህ። ከዚያ አትጠርገውም፣ ያድራል። መጀመሪያው ማታ ጣሪያው ላይ የቀባሁት ጠዋት ደርቆ ነበር፣ ቀለሙ ጠጥቶታል፣ እውነት ለመናገር እስከዚያ ድረስ አላመንኩም ነበር። ጠርገህ ትደግማለህ። ሮዝ የሚመስለው የላይኛው ቀለም ደርቆ ዱቄት ስለሆነ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው፣ ማሸቱ ዱቄቱን ያነሳል፣ ዘይቱ የቀረውን ያረጥባል፣ ያኔ የታችኛው ቀይ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ኮፈኑ ላይ የስልክ እንጨቱንና ሽቦውን አየሁት። አንድ ነገር ብቻ፣ መጨረሻው ላይ ቸኩዬ በወፍራሙ ቀባሁና ሲጠረግ መስመር መስመር ሠርቶ ግማሽ ቀን አስለፋኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የመጨረሻዋን ዙር በስሱ ማድረግ ነበረብኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን አንድ ጓደኛዬ ግራይንደር የሚመስል የፖሊሽ ማሽን አለኝ አለ፣ እኔም ክንዴ ዝሎ ነበር፣ ተዋስኩት። ያ ማሽን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሽከረከራል፣ ሙቀት ያወጣል፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀለም ሁልጊዜ ስስ ነው። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ሁለት ሰከንድ አሳረፍኩት መሰለኝ፣ ቀዩ ሄዶ ከሥሩ ግራጫው አስታሩ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው) ብቅ አለ፣ የሳንቲም ስፋት። ጠርዞቹን በስኮች መሸፈን እንዳለብኝ አውቃለሁ። አላደረግኩም። ማሽኑን ያንኑ ቀን መለስኩ፣ የቀረውን ሁሉ በእጄ ጨረስኩ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት።

ግሌዙ ያሳምራል እንጂ አይጠብቅም፣ ላዩ ላይ ዋክስ ግድ ነው። ካርናውባ ያለበትን፣ የብራዚል ዘንባባ ቅጠል ሰም ማለት ነው፣ በ1,300 ብር ገዛሁ። ቀዩ ላይ ያለው ሙቀት ያለው አንጸባራቂነት ልዩ ነው፣ ለዓይን ከሆነ ውሰደው። ለድሬ ፀሐይ ከሆነ ግን አልመክርም። በአምስተኛው ሳምንት ውሃው እንደ በፊቱ ድብልብል ማለት ተወ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጥ ጀመረ። የሚቀጥለው በሰም ፋንታ ከኬሚካል የተሠራ የቀለም መሸፈኛ (ሲላንት የሚሉት) ነው የሚሆነው፣ ውበቱ ትንሽ ቢቀንስም የበለጠ ይቆያል ይላሉ፣ እሞክረዋለሁ።

ውስጧን በአጭሩ። ወንበሮቹ ጨርቅ ናቸው፣ ሻምፖ አረፋና ለስላሳ ብሩሽ በቅቷቸዋል፣ በሰዓት ውስጥ ደርቀዋል፣ ፀሐይቱን ያመሰገንኩባት ብቸኛ ቀን ናት። የበሮቹ ጎማ ደርቆ ሊሰነጠቅ ነበር፣ ከፋርማሲ የገዛሁት የቆዳ ግሊሰሪን (150 ብር) አለሰለሰው፣ ከልዩ የጎማ ቅባት ምኑ ያንሳል። ቤት የተረፈኝ የሚያብለጨልጭ የዳሽቦርድ ሲሊኮን ነበር፣ ነፋሁበት፣ ከዚያ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ነጸብራቁ በፊት መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ግማሹን መንገድ ጋረደኝ፣ ወርጄ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ሞተሩን በግፊት ውሃ አታጥበው፣ የካንዴላ ገመዶቹን በፌስታል ጠቅልለህ በእርጥብ ብሩሽ ሥራው።

ሁሉም ሲያልቅ አጎቴን ጠራሁት። መጣ፣ ዞራት፣ ምንም ሳይናገር ጣሪያው ላይ ጣቱን ሰድዶ ጣቱን አየው። ንጹሕ። «ማን ቀባት? ስንት ከፈልክ?» አለኝ። አልተቀባችም ብለው አላመነም፣ በርበሬ የመሰሉትን ጨርቆች አመጣሁለት። ከዚያ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን ግራጫ ነጥብ ወዲያው አገኛት፣ «ይቺስ?» አለ። «ማሽን ነው» አልኩት። ቁልፉን ተቀበለኝና ይዟት ወጣ። ከሰዓት በከዚራ በኩል ሳልፍ አየኋት፣ ዛፉ ሥር አቁሟታል፣ አበባው ጣሪያዋ ላይ ረግፎ፣ ኮፈኗ ላይ ሁለት የወፍ ኩስ።