ጋላክሲ ታብ ኤስ9 ከ14 ወር የቢሮ ሥራ በኋላ፦ ኮምፒውተሩን የት ተካ፣ የት አልተካም?

ታብሌት ኮምፒውተርን ይተካል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም ይሆናል። ይህ ታብሌት በ14 ወር የዕለት ተዕለት ሥራ ጉልበት አንሶት የቆመበት ጊዜ የለም። በቆመበት ቦታ ሁሉ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ በድሮ ፎንት የተተየበ የአማርኛ ሰነድ፣ ወይም ያረጀ ፕሪንተር። የተሞከረበት ሥራ ደብዳቤ፣ ፕሮፎርማ፣ የኤክሴል ሠንጠረዥ፣ ኢሜይል፣ ስካንና የቪዲዮ ስብሰባ ነው፤ አብዛኛው በአማርኛ።

ታብ ኤስ9 እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ባለ 11 ኢንች ታብሌት ነው። እዚህ የተገመገመው 8 ጊጋባይት ራምና 128 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው፣ ሲም የማይወስደው ዓይነት ነው። ክብደቱ 498 ግራም፣ ባትሪው 8,400 ሚሊአምፒር-አወር ነው። ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይቀበላል፤ ስለዚህ ማከማቻው ትንሽ ነው ብላችሁ አትስጉ። ኤስ ፔን የሚባለው ብዕር ከካርቶኑ ውስጥ ይወጣል፤ ቻርጀርና ኪቦርድ ግን የሉም። ወጪውን ስታሰሉ 45 ዋት ቻርጀር፣ ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ የዩኤስቢ-ሲ ሀብ (አንዱን ቀዳዳ ለሞኒተር፣ ለፍላሽና ለቻርጀር የሚያበዛ ማከፋፈያ) እና ሽፋን ጨምሩበት።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ «ታብሌት ልላክልህ» ሲል ሞዴሉን ለይታችሁ ንገሩት። ታብ ኤስ9 ኤፍኢ በመልክ ከዚህኛው ጋር ይመሳሰላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የዩኤስቢ መስመሩ 2.0 ስለሆነ በገመድ ወደ ሞኒተር ምስል አያወጣም። ስልክም ላይ ነገሩ ያው ነው። የጋላክሲ ኤስ ስልኮች ያወጣሉ፣ ብዙዎቹ የኤ ተከታታይ ስልኮች ግን አያወጡም። የቀዳዳው ቅርጽ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ በዓይን አይለይም። የሚለየው በዕቃው ዝርዝር ነው፤ «ዲስፕሌይፖርት» የሚል ቃል ካለ ያወጣል፣ «ዩኤስቢ 2.0» ከሆነ ግን አያወጣም። ምስል ለማያወጣ ዕቃ ለሞኒተር ብሎ ሀብም ሆነ የኤችዲኤምአይ ገመድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ወደ ሞኒተር ሲያያዝ የሚነሳው ዴክስ ነው፤ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ከጋላክሲ ኤስ8 ጋር ያስተዋወቀው፣ አፖቹን እንደ ኮምፒውተር በመስኮት በመስኮት የሚከፍት አሠራር። ደብዳቤውን በአንድ በኩል፣ ኢሜይሉን በሌላ በኩል ከፍቶ መሥራት ይቻላል። ለጽሕፈት ሥራ በቂ ነው፤ እንዲያውም ካረጀ ላፕቶፕ ይፈጥናል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ሀቡ ላይ ነው። ርካሾቹ ሀቦች 4ኬ ሞኒተር ላይ በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ ስለሚያወጡ የማውዙ ቀስት እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፤ 60 የሚያወጣ መሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ፣ ወይም ሞኒተሩን ወደ ፉል ኤችዲ አውርዱት። ከዚህ የባሰው መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ቻርጀሩ በሀቡ በኩል ተሰክቶ ሳለ መብራት ሲሄድ፣ ታብሌቱና ሀቡ ኃይል ሰጪው ማን እንደሆነ እንደገና ይደራደራሉ። በዚያች ቅጽበት ሀቡ ላይ የተሰካው ሁሉ ይቋረጣል፤ ፍላሹም አብሮ። ፍላሹ ላይ በቀጥታ ተከፍቶ እየተሠራበት ያለ ፋይል ከነበረ፣ መብራት ሲመጣ «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ሊጠብቃችሁ ይችላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ታብሌቱ ኮፒ አድርጉ፣ እዚያው ሥሩበት፣ ሲያልቅ ወደ ፍላሹ መልሱ። ፍላሹን ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩ ይሞታል እንጂ ሥራው አይሞትም። ታብሌቱን ከሀቡ ነቅሎ ያንኑ ደብዳቤ መቀጠል ይቻላል፤ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ይህን አይሰጥም። በራሱ ስክሪን ላይ በጽሕፈት ሥራ 8 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ሞኒተር ላይ ተያይዞ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ። ባትሪው ወደ 32 ዋት-አወር ይሆናል፤ 20,000 የሚል ፓወር ባንክ ደግሞ 74 ያህል ይይዛል። በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ አንድ ተኩል ጊዜ ይሞላዋል። ታብሌቱ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ የሚውል ከሆነ በባትሪ መጠበቂያው ምርጫ «ማክሲመም» የሚለውን አድርጉ፣ 80 በመቶ ላይ ይቆማል። ሁልጊዜ 100 ላይ እየሞቀ የሚውል ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

አማርኛ መተየብን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙዎች ታብሌቱን የሚተዉት በዚህ ነውና። በጣት ሲነካ የጉግሉ ኪቦርድ ጂቦርድ አማርኛ አለው፣ ችግር የለበትም። ኪቦርድ ሲሰካ ግን አንድሮይድ በራሱ የሚያወጣው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የሠራልኝ ኪማን የተባለው ነጻ አፕ ነው። ከፕሌይ ስቶር አውርዱትና በአፑ ውስጥ የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ያዘጋጀውን የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሩ። ከዚያ በሴቲንግ ውስጥ «ጄኔራል ማኔጅመንት» ሥር ባለው የኪቦርድ ዝርዝር ኪማንን አብሩት። ኪቦርዱ ሲሰካ ታች ጥግ ላይ የምትወጣውን የኪቦርድ ምልክት ነክታችሁ ኪማንን ምረጡ። አመታቱ በድምፅ ነው፤ ፓወር ግዕዝ የለመደ ሰው በጥቂት ቀን ይለምደዋል።

የሚያስቸግረው ፊደል የሚሠራበት መንገድ ነው። «ሰ» ለመጻፍ መጀመሪያ «ስ» ይወጣል፣ አናባቢው ሲመታ «ስ» ይጠፋና በቦታው «ሰ» ይገባል። ማለትም አፑ የቀደመውን ፊደል ለማጥፋት መፍቀድ አለበት። አንዳንድ አፖች፣ በተለይ የሠንጠረዥ ሕዋስና ዌብሳይት ላይ ያሉ የመጻፊያ ሳጥኖች፣ ይህን በትክክል አያስተናግዱም፤ ፊደሉ ሳይዋሃድ ተለያይቶ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉን በተራ ማስታወሻ አፕ ውስጥ ጽፎ መለጠፍ ነው። ለአንድ የስም ዝርዝር ይቻላል፤ 300 ረድፍ ለሚሞላ ሰው ግን አልመክረውም።

ቀጥሎ የሚመጣው የድሮ ሰነድ ነው። ኢትዮጵያዊ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ኮድ በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን የላቲን ፊደልና የምልክቶች ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት በነዚሁ ሲተይቡ ቆይተዋል። ፎንቱ የተጫነበት ዊንዶውስ ላይ ሰነዱ አማርኛ ሆኖ ይነበባል። ታብሌት ላይ ሲከፈት ግን ፎንቱ ስለሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ታብሌቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ራሱ እንደዚያ ነው። ላኪው ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ከላከው ፎንቱ አብሮ ስለሚሄድ ማንበብ ትችላላችሁ፤ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ብትለጥፉ ግን ያው ዝብርቅርቅ ይመለሳል። ለማረም የሚቻለው ኮምፒውተር ላይ ወደ ዩኒኮድ ሲቀየር ብቻ ነው። የድሮ ውሎችና መመሪያዎች በየቀኑ የሚገቡበት ቢሮ ለዚህ ብቻ እንኳ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ቅርጹ ይንሸራተታል። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣ ሲሆን አንድሮይድ ላይ የለም። አንድሮይድ በምትኩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያስገባል፣ ስፋቱም አንድ አይደለም። በአንድ ገጽ ያለቀ ደብዳቤ ታብሌት ላይ ሲከፈት «ከሰላምታ ጋር» የሚለውና ፊርማው ብቻቸውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳሉ። ይህን አይቶ የመስመር ክፍተት ማጥበብ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሰነዱ ወደ ኮምፒውተር ሲመለስ ገጹ ተበላሽቶ ይገኛል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ደብዳቤው ታብሌት ላይ ከተጠናቀቀ በፒዲኤፍ ይላክ፤ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚጨርሰው ከሆነ ቅርጹን አትንኩት።

ወርድና ኤክሴል ላይ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚያውቀው ነገር አለ። ማይክሮሶፍት በሞባይል አፖቹ ማረምን በነጻ የሚፈቅደው እስከ 10.1 ኢንች ስክሪን ላለው ዕቃ ነው። ይህ 11 ኢንች ስለሆነ ያለ ማይክሮሶፍት 365 ክፍያ ሰነድ ከማየት አያልፍም። ስልካችሁ ላይ በነጻ ሲሠራ የነበረው አፕ ታብሌቱ ላይ ገንዘብ ይጠይቃል ማለት ነው። ወርሃዊ ክፍያ የማይፈልግ ሰው ጉግል ሺትስ ወይም ደብሊውፒኤስ ኦፊስ ይጠቀም። የተከፈለበት ኤክሴል ቢሆንም ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ፣ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) አያስኬድም፤ በማክሮ የተሠራ የደመወዝ መክፈያ ይከፈታል፣ ቁልፎቹ ግን አይሠሩም። ወርድ ላይ ደግሞ አንድን ደብዳቤ ለ200 ሰው በየስሙ የሚያወጣው ሜይል መርጅ የለም።

የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩ ፒቸትሪ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ የስታቲስቲክሱ ኤስፒኤስኤስም ሆነ የሕንፃ ዲዛይኑ ኢታብስ ለአንድሮይድ አልተሠሩም። የሒሳብ ባለሙያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያለ ተማሪና የሲቪል መሐንዲስ በታብሌት ብቻ እንዲወሰኑ የሚነግራቸው ካለ ሥራቸውን አያውቅም። መካከለኛው መንገድ ከርቀት መግባት ነው። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ሆም ከሆነ የማይክሮሶፍቱ ሪሞት ዴስክቶፕ አያስገባም፣ ፕሮ ይፈልጋል፤ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ግን በሁለቱም ይሠራል። አማርኛ ስትጽፉ የታብሌቱን ኪቦርድ እንግሊዝኛ ላይ አድርጉና ፊደሉን የቢሮው ኮምፒውተር ይሥራው፤ ሁለቱም አማርኛ ላይ ከሆኑ ይጋጫሉ። ቢሮ መብራት ከጠፋ ደግሞ ኮምፒውተሩም ራውተሩም ስለሚጠፉ፣ ለሁለቱም ዩፒኤስ ከሌለ ይህን መንገድ አትመኩበት።

ፕሪንተር ላይ አጭር ነኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡ ባለ ዋይፋይ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ምንም ሶፍትዌር ሳይጫን ይሠራሉ። በየቢሮው የምናያቸው እንደ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ያሉ በገመድ ብቻ የሚሠሩ ማሽኖች ግን ገጹን የሚያዘጋጅላቸው የኮምፒውተር ድራይቨር ስለሚፈልጉ፣ በሀብ ብትሰኳቸውም አንድሮይድ በራሱ አያትምባቸውም። ፒዲኤፉን ፕሪንተሩ ወዳለበት ኮምፒውተር መላክ ነው።

ታብሌቱ ኮምፒውተርን ጥሎ የሚሄድበት ሥራ ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። የታተመ፣ የተፈረመ፣ ቲተርና ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ በኮምፒውተር ስካን ለማድረግ ማሽኑን ማሞቅ፣ ፎልደር መፈለግና ፋይል ማያያዝ አለ። እዚህ በካሜራው ስታነሱት ጠርዙን ራሱ ቆርጦ ፒዲኤፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ይሄዳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ማህተሙ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ጥቁርና ነጭ ማጣሪያውን አትምረጡ፣ ቀለሙ ሳስቶ ተቀባዩ ኮፒ ነው ብሎ ይመልሰዋል። በቀለም ላኩት። በኤስ ፔን ረቂቅ ላይ በእጅ ማረም ደግሞ ብዕር በማይቀበል ኮምፒውተር ላይ የማይገኝ ምቾት ነው፤ ረቂቅ የሚያርም ኃላፊ ለዚህ ብቻ ቢገዛው አይጸጸትም።

ከ14 ወር በኋላ ስክሪኑ ጭረት የለውም፣ ባትሪውም ሲገዛ ከነበረው የጎላ ለውጥ አላሳየም። የተቀየረው ሀቡ ነው፤ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ላልቶ ምስሉ መጥፋት ጀመረ። ገመዱ ወደ ታች እንዳይጎትተው ሀቡን ጠረጴዛው ላይ በማጣበቂያ ማሰር ይረዳል። ሳምሰንግ ለዚህ ሞዴል 4 የአንድሮይድ ማሻሻያና የ5 ዓመት የደኅንነት እድሳት ቃል ገብቷል፤ ስለዚህ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ዓመቱን ከ2023 ይቁጠር።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ብር ሳታወጡ መሞከር ትችላላችሁ። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ሶፍትዌሩ በአብዛኛው ያው ነው። ባለፈው ወር ከሰው የተላኩላችሁን 10 ፋይሎች ስልካችሁ ላይ ክፈቱ፦ የትኛው ዝብርቅርቅ ሆነ፣ የትኛው ማክሮ ጠየቀ፣ የትኛው ጨርሶ አልከፈት አለ? ከአሥሩ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ያንን የሚሠራ ኮምፒውተር ከጓደኛ ወይም ከኮፒ ቤት ታገኛላችሁ። አራትና አምስት ከደረሰ ግን ገንዘቡን ላፕቶፕ ላይ አውሉት።