ርካሽ የጉዞ ቢሲዲ ለአዲስ አበባ ጠላቂ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ባሕር በሌለበት ከተማ ተቀምጦ የመጥለቂያ ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ ለባሕር ዳርቻ ነዋሪ ከሚሰጠው ምክር የተለየ መመዘኛ ያስፈልገዋል። የእኔ ቢሲዲ፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከጀርባ ጋር የሚያያይዘውና አየር እየተሞላበት ወይም እየተለቀቀበት ጠላቂውን በፈለገው ጥልቀት የሚያቆየው ጃኬት፣ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው አዲስ አበባ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ውሃ የሚያገኘው ወደ ጅቡቲ ስወርድ፣ አልፎ አልፎም ወደ ግብፅ ስሄድ ነው። ስለዚህ ስመርጥ ያስቀደምሁት ሁለት ነገር ነበር፦ ሻንጣ ውስጥ አለመክበዱንና የመጥለቂያ ዕቃ ጠጋኝ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ራሴው ፈትቼ ላጸዳው መቻሌን።

ዱባይ የምትኖር እህቴ ገዝታ የላከችልኝ ይህ ጃኬት ዋጋው ከ300 ዶላር ብዙም የዘለለ አይደለም። የሠሪውን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ የዋጋ ደረጃ ያሉት ምርቶች በአሠራራቸው በጣም ይቀራረባሉ። ጀርባው ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሌለው ይታጠፋል፣ ክብደቱም ሦስት ኪሎ አይሞላም። አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያደርሰው ሬጉሌተር፣ የእግር ክንፉና የጎማ ልብሱ ተጨምረውበት እንኳ 23 ኪሎ በሚፈቅድ ሻንጣ ውስጥ ለልብስ በቂ ቦታ ይተርፋል።

ገዢዎችን በብዛት የሚያሳስተው ቁጥር የማንሳፈፍ አቅም ይመስለኛል። ሻጮች 18 ኪሎ የሚያነሣውን እንደ ትልቅ ብልጫ ያቀርቡታል፤ ስሌቱ ግን ይህን ያህል አይጠይቅም። 11 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ብቻውን ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ጠላቂው ሲገባ ይህን ተሸክሞ ይገባል፣ ሲወጣ ግን አብዛኛውን ተንፍሶታል። በዚህ ላይ የጎማ ልብሱ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ይጨመቃል፤ ግፊቱ በ10 ሜትር ከውሃው ገጽ ሁለት እጥፍ፣ በ30 ሜትር አራት እጥፍ ስለሚሆን ልብሱ የማንሳፈፍ ኃይሉን አብዛኛውን ያጣል። በሞቃት ባሕር 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ ልብስ ለሚለብስ ሰው ሁለቱ ተደምረው አምስት ኪሎ ገደማ ቢሆኑ ነው። አንድ ሊትር አየር ባሕር ውስጥ ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ክብደት ስለሚያነሣ፣ የእኔው 12 ኪሎ የሚያነሣ ጃኬት ይህን ችሎ ከውሃው ገጽ ላይ ጭንቅላቴን ከፍ አድርጎ ለማቆየትም ተርፎታል። ወፍራም ልብስ በሚያስለብስ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ይህን ስሌት አልደፍረውም።

ጠላቂው እንዲሰጥም የሚረዳው የእርሳስ ብረት የሚከተትበት ኪስ ያልተሠራለትን የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው። ተነቃይ ኪሶቹ ራሳቸው ክብደት ይጨምራሉ፤ አንዱ ባሕር ውስጥ ወልቆ ቢጠፋ ደግሞ ምትኩን አዲስ አበባ ላይ ማግኘት የማይታሰብ ነው። የእርሳስ ቀበቶ ግን ጠላቂዎች በሚስተናገዱበት ማዕከል ሁሉ አለ።

የዚህ ጃኬት እውነተኛ ፈተና ባሕሩ ሳይሆን ክረምቱ ሆኖ አገኘሁት። አየር በተለቀቀ ቁጥር ጥቂት የባሕር ውሃ ወደ ውስጠኛው ከረጢት ይገባል፣ ሲደርቅም ጨው ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን አጥቦ መጨረስ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጃኬቱን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በአፍ መንፊያው ንጹሕ ውሃ ጨምሬ፣ አየር ነፍቼና አገላብጬ በታችኛው ቫልቭ አፈሰዋለሁ። እንዲህም ሆኖ ሐምሌና ነሐሴን ተቀምጦ ሲወጣ የአየር መሙያው ቁልፍ ሲጫኑት ይገባ እንጂ ቶሎ አይመለስም ነበር። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም፦ ቁልፉ ባሕር ውስጥ ተጣብቆ ቢቀር አየር ያለማቋረጥ ይገባና ጠላቂውን ያለ ፈቃዱ ወደ ላይ ይስበዋል፣ በፍጥነት መውጣት ደግሞ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። በለብታ ውሃና በጥቂት አቼቶ ዘፍዝፌ፣ አየር እንዳያፈስ ለሚያደርጉት የጎማ ቀለበቶች (ኦሪንጎች) የሲሊኮን ግራሶ ቀብቼ አስተካክዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተጣበቀም። ያም ሆኖ የርካሹ ምርት ቁጠባ ጎልቶ የታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ከረጢቱና ስፌቱ ምንም ሳይሆኑ የቀጠነው የቁልፉ ስፕሪንግ ነው።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ጃኬቱን እስኪወጠር ነፍቼ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ላልቶ ካገኘሁት ጎሚስታ ከመነዳሪን እንደሚፈትሸው በሳሙና ውሃ ቀዳዳውን እፈልጋለሁ። እስካሁን ያገኘሁት ፍሳሽ ከላላ የቫልቭ ክዳን የመጣ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከጅቡቲ ሲመለሱ አየሩን ጨርሶ ማስወጣት ይበጃል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በባሕር ጠለል የታሸገ አየር እዚህ ሲደርስ በሲሶ ያህል ይሰፋል።

ኪሶቹ ጠባብ ናቸው፣ የሆዱ ቬልክሮም እየላላ ነው፤ ዘለበቶቹ ግን አሁንም ጠንካሮች ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወቅት ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ብቻ ጅቡቲ ወዳለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለሚወርድ ሰው ይህን ጃኬት አልመክርም፤ እዚያ በአብዛኛው ያለ ሲሊንደር፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ስለሚዋኝ ጃኬቱ ከሻንጣ አይወጣም። በዓመት አንዴ ለጥቂት ቀን የሚጠልቅም ቢከራይ ይሻለዋል። በየዓመቱ ደጋግሞ ለሚጓዝና ዕቃውን ፈትቶ ለማጠብ ለማይሰንፍ ግን ዋጋውን ያወጣል። እኔም ለመጪው ወቅት ያዘዝሁት ሌላ ጃኬት ሳይሆን ሙሉ የአየር መሙያ መለዋወጫውን ነው።