ለወንዝ አምባዛ ክብ መንጠቆ ይሻላል ወይስ የጄ (J) ፊደል ቅርጽ ያለው?

እኔ ክቡን እመርጣለሁ። ጫፉ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ፣ አምባዛው ጎርሶት ሲሄድ መንጠቆው ተንሸራቶ ይመጣና አብዛኛውን ጊዜ የአፉ ጥግ ላይ ይሰካል፤ አሳውን መልሰህ ልትለቀው ካሰብክ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን አደራ፣ ዘንጉን እንዳትመነጭቀው! ክሩ እስኪወጠር ጠብቅና ቀስ እያልክ ጠቅልል። መንጠቆው ላይ የምትሰካው ምግብም የመንጠቆውን ጫፍ አይሸፍነው፣ ከሸፈነው አይሰካም።

የጄ ቅርጹ ደግሞ መመንጨቅ ይፈልጋል። ዘንጉን በእጅህ ይዘህ የምትጠብቅ ከሆነና አሳው ነካ ነካ እያደረገ የሚያስቸግር ከሆነ ጥሩ ነው። ዘንጉን አስቀምጠህ ከተዘናጋህ ግን አሳው እስከ ጉሮሮው ይውጠዋል፣ ማውጣቱ መከራ ነው።

የመንጠቆው መጠን? ለትልልቆቹ አምባዛዎች ቁጥር 8/0 አካባቢ፣ ለትንንሾቹ ከዚያ ያነሰ።