አንድ ሄልሜት ለብስክሌት፣ ለካያክና ለስኬቲንግ፦ የሁለት ዓመት ሙከራ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ዘንባባ ባጠላባቸው ጎዳናዎቿ ተማሪውም ሠራተኛውም ሲያሽከረክር ይውላል። ሄልሜት ያደረገ ብስክሌተኛ ማየት ግን ዛሬም ብርቅ ነው፤ እኔም እስከ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ራሴን ሳልሸፍን ከሚነዱት አንዱ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አስፋልቱ ሳይሆን ሐይቁ ነው። ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር አንድ ያገለገለ የፕላስቲክ ካያክ ገዝተን ጣና ዳር መቅዘፍ ስንጀምር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለው ጥቁር ድንጋይ አስፈራኝና ለቀዘፋ የሚሆን ሄልሜት ፈለግሁ። ለውኃ አንድ፣ ለብስክሌት ሌላ መግዛት ከአቅሜ በላይ ስለነበረ፣ «ለብዙ ስፖርት» ተብሎ የሚሸጥ አንድ ጥቁር ሄልሜት ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ አስመጣሁ። ዋጋው ከተራ የብስክሌት ሄልሜት ይበልጣል፤ ከሁለት ሄልሜት ግን ያንሳል።

«ለብዙ ስፖርት» የሚለው ቃል በራሱ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ሊነበብ የሚገባው በሄልሜቱ ውስጥ የተለጠፈው ትንሽ ምልክት ነው። የእኔው ሁለት የአውሮፓ ደረጃዎችን ይጠቅሳል፤ አንደኛው ለብስክሌት፣ ለስኬትቦርድና ለሮለር ስኬት የወጣው ኢኤን 1078 ሲሆን፣ ሁለተኛው ለካያክና በኃይል ለሚወርድ ወንዝ ስፖርት የወጣው ኢኤን 1385 ነው። በመጀመሪያው ፈተና ሄልሜቱ በሰው ራስ ቅርጽ የተሠራ መሣሪያ ላይ ይጠለቅና በሰከንድ 5.42 ሜትር ፍጥነት፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የመውደቅን ያህል፣ ከጠፍጣፋ ብረት ጋር ይላተማል፤ በዚያች ቅጽበት ራስ ላይ የሚያርፈው ጫና ከመሬት ስበት 250 እጥፍ እንዲበልጥ አይፈቀድም። በውኃው ፈተና ግን የግጭቱ ፍጥነት በሰከንድ 2.5 ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ ፋንታ ሄልሜቱ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ መንሳፈፉ ይታያል። ስለዚህ የውኃውን ደረጃ ብቻ ያሟላ ሄልሜት አድርጎ ከበዛዊት ኮረብታ በብስክሌት ቁልቁል መውረድ፣ ዕቃውን ላልተሠራበት ሥራ ማዋል ነው። የብስክሌቱን ደረጃ ብቻ ያሟላው ደግሞ ውኃ ላይ ምን እንደሚሆን ማንም አልፈተነውም። ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ሄልሜት ላይ ሲገኙ ነው «ለብዙ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው።

በብስክሌት ላይ ያለው ትልቁ ጉድለት ሙቀት ነው። ውጫዊ ቅርፊቱ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ቅርጹም ድፍን ክብ በመሆኑ፣ ለሩጫ ብስክሌት እንደሚሠሩት ቀለል ያሉ ሄልሜቶች ነፋስ አያሳልፍም፤ በሱቅ ሚዛን ሳስመዝነውም 470 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስሻገር ከወንዙ የሚነሣው አየር ስለሚያግዘኝ ክብደቱም ሙቀቱም አይታወቀኝም፤ በመጋቢት ቀትር ግን ቢሮ የምደርሰው ግንባሬ ላይ የስፖንጁን ምልክት ይዤ፣ ፀጉሬም ታጥቦ እንዳልደረቀ ሆኖ ነው። ልኩ ከ55 እስከ 59 ሴንቲ ሜትር የዙሪያ ስፋት ላለው ራስ የሚሆን ሲሆን፣ ከኋላ ያለው ማጥበቂያ በሚገባ ይሠራል። ባለቤቴ ሹሩባ በተሠራች ሰሞን ስትሞክረው ግን ማጥበቂያው ከጉንጉኑ ላይ እያረፈ ሄልሜቱን ወደ ግንባሯ ገፋው። ከጆሮ በላይ በጥቅሉ የተሠራ ሹሩባ ያላት ሴት ከመግዛቷ በፊት በራሷ ላይ ልትለካው ይገባል። ከሥሩ ሻሽ ወይም ነጠላ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም፤ ጨርቁ ስለሚያንሸራትት ሄልሜቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት ከቦታው ይለቅቃል።

ውኃ ላይ በጣም ወድጄዋለሁ። ማሰሪያው ረጥቦ አይላላም፤ ዘለበቱም በእርጥብ ጣት ይከፈታል፤ የጆሮ መሸፈኛዎቹ የሚነቀሉ ስለሆኑ ለብስክሌት አውልቄ፣ ለካያክ መልሼ እገጥማቸዋለሁ። በጸጥተኛው ሐይቅ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሄልሜት ብዙም አያስፈልግም፤ እዚያ ሕይወት የሚያድነው ላይፍ ጃኬት ነው፤ ጃኬት ሳይኖረው ሄልሜት የሚገዛ ሰው ቅደም ተከተሉን አዛብቷል። ሄልሜቱ የሚያገለግለው ካያኩ ተገልብጦ ራስ ወደ ታች በሚሆንበት ጊዜ፣ በተለይም ድንጋይ ባለበት ወራጅ ውኃ ውስጥ ነው። ወራጅ ውኃ በአስቸጋሪነቱ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ደረጃ ይመደባል፤ ኢኤን 1385 ራሱ እስከ አራተኛው ላለው ብቻ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ለሚናወጥ ውኃ ይበቃል ብሎ ማመን አይገባም። አንድ ቀን በደብረ ማርያም በኩል ስንቀዝፍ በደንገል ታንኳ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው ተመለከቱኝና «ልጄ፣ ጉማሬ እኮ ራስ መርጦ አይመታም» ብለው ሳቁብኝ። ለእርሳቸው የምመልሰው አልነበረኝም፤ ከዚያ ወዲህ ጉማሬ ከሚውልበት ቦታ ራቅ ብዬ እቀዝፋለሁ።

ስኬቲንጉ የልጄ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ራሷ ከትንሹ ልክ ጋር ስለሚገጥም እሑድ ጠዋት እርሷ ታደርገዋለች፤ ክቡ ቅርጹ የራስ ቅሏን የኋላ ክፍል ዝቅ ብሎ ስለሚሸፍንላት፣ ወደ ኋላ መውደቅ ለሚበዛበት ለዚህ ጨዋታ ከቀጭኑ የብስክሌት ሄልሜት ይልቅ ይስማማታል። የከለከልኋት አንድ ነገር አለ፤ እንዳደረገችው ግቢያችን ያለው ማንጎ ላይ መውጣትን። ሄልሜቱ ከቅርንጫፍ መካከል ቢሰነቀር የማይፈታው ማሰሪያ አንገቷን ሊያንቃት ይችላል፤ ለታናናሽ ልጆች በኢኤን 1080 ደረጃ የሚሠሩት ሄልሜቶች ሲጎተት በራሱ የሚለቅ ዘለበት የተደረገላቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሻጮች ዝርዝሩን የማራዘም ልማድ ስላላቸው የማይሆንባቸውንም መናገር ያስፈልጋል። ከመግዛቴ በፊት ያነጋገርሁት አንድ ነጋዴ «ለሞተርም ይሆናል» ብሎኝ ነበር። አይሆንም። በሰከንድ 5.42 ሜትር ማለት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ከዚህ በላይ በሆነ ፍጥነት የሚፈተንና ራሱን የቻለ ደንብ ያለው ነው፤ ውፍረቱንና ክብደቱን ያየ ሰውም ልዩነቱን ይረዳል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጢስ ዓባይ ሄደን፣ ከፏፏቴው በታች ባለው ገደል ገመድ ይዘን ልንወርድ ባሰብንበት ጊዜም ይህንኑ ሄልሜት ይዤ ነበር። ገደል ላይ የሚፈራው ከላይ የሚወርድ ድንጋይ ነው፤ የተራራ ወጪዎች ደረጃ የሆነው ኢኤን 12492 አምስት ኪሎ የሚመዝን ብረት ከሁለት ሜትር ከፍታ በሄልሜቱ አናት ላይ ይጥልና ወደ ራስ የሚያልፈውን ኃይል ይለካል። የእኔው ይህን ፈተና አላለፈም፤ እኔም ገመዱን ትቼ በእግር መንገዱ ወረድሁ።

ስለ ውስጡ ፎም የተማርሁት በመውደቅ ነው። ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ባረጠበው ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማዬ አንሸራቶኝ የራሴ ጎን የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታ። ትከሻዬ ለሁለት ሳምንት ታመመ፤ ራሴ ግን ደኅና ነበር። ሄልሜቱን ሳገላብጠው ከውጭ ከጭረት በቀር የሚታይ ጉዳት አልነበረውም። ስፖንጆቹን ነቅዬ ፎሙን በብርሃን ስመለከት ግን እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። ይህ ፎም ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ጋር አንድ ዘር ያለው ፖሊስታይሪን ሲሆን፣ የሚከላከለው እየተጨፈለቀ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከባድ ምት ከተቀበለ በኋላ ቦታው ተመልሶ አያብጥም። ጎረቤቴ «ለልጄ ስጠኝ፣ ምንም አልሆነም» ቢለኝም እንቢ ብዬ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጥሁት። ለብዙ ስፖርት በሚውል ሄልሜት ይህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ ያሳስባል፤ በሦስት ቦታ የሚሠራ ዕቃ በሦስት ቦታ ይወድቃልና፣ ከካያክ መልስ መኪና ላይ የወረወርሁት ዕለት የተጎዳውን ሰኞ በብስክሌት ላይ ላምነው እችላለሁ። ስለዚህ ስፖንጆቹን በየወሩ እያወጣሁ ውስጡን አያለሁ። የማጥበው በሳሙናና በውኃ ብቻ ነው፤ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ፕላስቲኩንም ፎሙንም ይበላሉ። የማደርቀውም በጥላ እንጂ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አይደለም።

ከጥቅምት ወዲህ የማደርገው ያንኑ ዓይነት ሁለተኛ ሄልሜት ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች መኖራቸውን አይቼ ገዝቼዋለሁ። የለወጥሁት ቀለሙን ብቻ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቢጫውን መረጥሁ፤ ጥቁሩ ፀሐይን ከመሳቡም በላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ሐይቁ ሲናወጥ የሞተር ጀልባ ነጂ ከማዕበሉ መካከል ለይቶ አያየውም።