ከማሰሮ የተሠራ የአክሶሎትል መጠለያ፦ ባሕር ዳር ላይ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አክሶሎትል ዕድሜውን ሁሉ ውኃ ውስጥ የሚኖር የሳላማንደር ዓይነት እንስሳ ነው። ለእኔዋ አክሶሎትል ይህን መጠለያ ባለፈው መስከረም ሠርቼ አኳሪየሙ (የምትኖርበት የመስተዋት የውኃ ገንዳ) ውስጥ ካስቀመጥሁት ወዲህ የኅዳርና የታኅሣሥን ቅዝቃዜ፣ ከዚያም የመጋቢትና የሚያዝያን ሙቀት ስላሳለፈ፣ ስለ ጥንካሬውም ስለ ጉድለቱም አሁን በእርግጠኝነት መጻፍ እችላለሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ገበያ ከሚሸጡት ተራ ማሰሮዎች አንዱን ገዝቼ፣ የብረት ሥራ ባለሙያ በግራይንደር ከአፉ እስከ መቀመጫው ለሁለት ከከፈለልኝ በኋላ፣ ግማሹን የተቆረጠውን ጎኑን ወደ ታች አድርጌ ደፋሁት። የማሰሮው አፍ መግቢያ ሆነ፤ ከመቀመጫው በኩልም ውኃ እንዲተላለፍ ሁለተኛ ቀዳዳ አስከፈትሁ።

አክሶሎትል የዐይን ቆብ የለውም፤ ብርሃን ሲበዛበት ዐይኑን ከድኖ ማረፍ ስለማይችል፣ ጨለማ ሥፍራ የሌለው አኳሪየም ቀኑን ሙሉ ያስጨንቀዋል። የትውልድ ቦታው በሜክሲኮ ሲቲ ደቡብ የሚገኘው የሶቺሚልኮ ውኃ ሲሆን፣ እዚያም ከውኃው ግርጌ ተደብቆ ውሎ ምግቡን በአብዛኛው የሚፈልገው ሲመሽ ነው። የእኔዋም ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ትገባለች፤ ከራሷ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡት ላባ መሰል ስንጥቦቿ (ውኃ ውስጥ የምትተነፍስባቸው አካላት) ጫፍ ብቻ ከማሰሮው አፍ ላይ ቀርቶ ቀስ እያለ ሲወዛወዝ ይታያል። ያደገ አክሶሎትል ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ መጠለያው ውስጡ ገብቶ ያለ ችግር መዞር የሚያስችለው መሆን አለበት፤ ትንሽ ማሰሮ መምረጥ ትርፉ ድካም ነው።

ስለ ሸክላው አመራረጥ ጠንከር ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ቤታችን አዲስ ሸክላ ሲገባ መጀመሪያ የምናደርገው ማሟሸት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ማሰሮው ፈጽሞ መሟሸት የለበትም። ሸክላ ቀዳዳማ ስለሆነ የጠጣውን ዘይትም ሆነ ሳሙና ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይመልሳል፤ የአክሶሎትል ቆዳ ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ነገር በቀላሉ ያሳልፋል። ስለዚህ ቀለምና ቅባት ያልነካውን አዲስ ማሰሮ መምረጥ፣ ከዚያም ውኃው እየተቀየረ ለቀናት መዘፍዘፍ ይበቃል። ሳሙና አስገብቼበት አላውቅም፤ የማጸዳው በሙቅ ውኃና በብሩሽ ብቻ ነው።

የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ጣት ሲሄድበት ምንም እስከማይሰማ ድረስ አለስልሼዋለሁ። አክሶሎትል የተቆረጠ እግሩን እንኳ መልሶ የሚያበቅል እንስሳ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ ይህ ለቸልተኝነት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ የተጫረ ቆዳ በሻጋታ ይጠቃል። በዚሁ ምክንያት ከጣና ዳር የሚለቀሙትን ጥቁርና ሸካራ ድንጋዮች አልተጠቀምሁም። ጠጠርም አላስገባሁም፤ አክሶሎትል ምግቡን ከውኃ ጋር ስቦ ስለሚውጥ ጠጠሩን አብሮ ሊውጠው ይችላል። ሸክላው መስተዋቱን እንዳይፍቅ ጠርዙ ላይ የሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ሲሊኮን ቀብቼ፣ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ከውኃ ውጭ አቆይቼዋለሁ። እስካሁን አልለቀቀም።

ጉድለቱ ጽዳት ላይ ነው። ፊልተሩ (የውኃ ማጣሪያው) የሚገፋው ውኃ ከመጠለያው ጥግ ስለማይደርስ፣ ዓይነ ምድርና የተረፈ ምግብ እዚያ ይከማቻል፤ ካልተነሣም እንስሳውን ወደሚመርዝ አሞኒያ ይለወጣል። ስለዚህ ውኃ በቀየርሁ ቁጥር ማሰሮውን አንሥቼ ሥሩን በቀጭን ቱቦ እስባለሁ። ለንጽጽር ያስገባሁት የ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በዚህ ረገድ ይበልጣል፤ ውስጡ ልሙጥ ነው፣ ቶሎ ይታጠባል። ነገር ግን በነካችው ቁጥር ስለሚንከባለል አትረጋበትም፤ ከሁለቱ አዘውትራ የምትመርጠው ማሰሮውን ነው።

አንዳንዶች ሸክላው ውኃውን ያቀዘቅዛል ብለው ይጠብቃሉ። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በግድግዳው የሚያልበው ውኃ ወደ አየር ስለሚተን ነው፤ ውኃ ውስጥ የጠለቀ ሸክላ ግን የሚተንበት አየር ስለሌለው ሙቀቱ ከአካባቢው ውኃ ጋር እኩል ነው። አክሶሎትል የሚመቸው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከ24 ካለፈ ይታመማል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ በሚያዝያ ቀትር ክፍል ውስጥ ያለ ውኃ ከዚህ በላይ እንዲሞቅ ምንም አያግደውም። በእኔ እምነት ውኃውን ማቀዝቀዝ የማይችል ሰው ይህን እንስሳ ባያሳድግ ይሻላል።

እኔ በሙቀቱ ወራት ውኃው ላይ አየር የሚያነፍስ ቬንትሌተር አደርጋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በረዶ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ እንደታሸገ እጨምራለሁ። ጠርሙሱን የማስቀምጠው ከመጠለያው ራቅ አድርጌ ነው፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ እንዳያገኛት። ቴርሞሜትሩን ግን ከማሰሮው አፍ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ ማወቅ የሚያስፈልገኝ እሷ ያለችበትን ውኃ ሙቀት ነውና።